ቆጣሪው ምን ይላል?

በዘላቂነት ሥራ ውስጥ መለኪያ የሚባለው ብቻውን የቆመ ቁጥር ሳይሆን ከሌላ ቁጥር ጋር የተያያዘ ቁጥር ነው። አንድ ከተማ በቀን 500 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይጠቀማል ሲባል መረጃ ተገኘ እንጂ መለኪያ ገና አልተገኘም። ውሃው ለ4 ሚሊዮን ነዋሪ ተካፍሎ ለአንድ ሰው 125 ሊትር ይደርሳል ሲባል ግን ከአምናው፣ ከሌላ ከተማ ወይም ከተቀመጠ ገደብ ጋር ሊነጻጸር የሚችል ነገር ተገኘ። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ማዘጋጃ ቤቶችም ኩባንያዎችም ውሃቸውን፣ መብራታቸውን፣ ቆሻሻቸውንና ወደ አየር የሚለቁትን ጋዝ በዚህ መንገድ መቁጠር ለምደዋል። አንዳንዱ ቆጠራ ከተማ ከጥም አድኗል፤ አንዳንዱ ደግሞ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ከታተመ ዓመታዊ ዘገባ አላለፈም። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያው ጥራት አይደለም። ቁጥሩን አይቶ አንድ ነገር የማድረግ ግዴታ ያለበት ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ክርክር የሚበዛው በማካፈያው ላይ ነው። አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ ለእያንዳንዱ ኩንታል የሚያወጣውን በካይ ጋዝ በ20 በመቶ ቀነሰ እንበል። በዚያው ጊዜ ምርቱን በ50 በመቶ ካሳደገ፣ ወደ አየር የለቀቀው አጠቃላይ ጋዝ በ20 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው። «ቀንሷል» የሚለውም «ጨምሯል» የሚለውም እውነት ነው፤ በዘገባው ሽፋን ላይ የሚወጣው የትኛው እንደሆነ ለመገመት ግን አያስቸግርም። የምድርን ሙቀት የሚወስነው አጠቃላዩ መጠን ነው። በኩንታል የሚሰላው ደግሞ ፋብሪካው ነዳጁን ምን ያህል በቁጠባ እንደሚጠቀም ያሳያል። ጠንቃቃ ዘገባ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስቀምጣል።

ሌላው ጥያቄ መነሻው የት ነው የሚለው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ላይ የአገሪቱ የ2010 ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ተብሎ ተሰልቷል። በተለመደው መንገድ ከተቀጠለ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ተተንብዮ፣ ግቡ ባለበት በ150 ሚሊዮን አካባቢ ማቆየት ሆነ። በ2021 የተሻሻለው የአገሪቱ ዕቅድ ደግሞ በ2030 ይደረስበታል ከተባለው 403.5 ሚሊዮን ቶን ላይ 68.8 በመቶ ለመቀነስ ቃል ይገባል፤ የዚህ ቅነሳ ትልቁ ክፍል የውጭ ድጋፍ መገኘቱን ይጠብቃል። እዚህ ላይ ቅነሳው የሚሰላው ካለፈ ዓመት ሳይሆን ገና ካልመጣ ዓመት ትንበያ ነው። ገና በማደግ ላይ ላለ አገር ይህ ተገቢ አካሄድ ነው። ሆኖም ትንበያው ከፍ ብሎ ከተሰላ ቅነሳውም አብሮ ከፍ ያለ ይመስላል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ግብ ሲነበብ ከመቶኛው በፊት መታየት ያለበት ትንበያው የተሠራበት ስሌት ነው።

በካይ ጋዝ በየጭስ ማውጫው ላይ በተተከለ መሣሪያ የሚለካ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በአብዛኛው ግን የሚሰላው በወረቀት ላይ ነው። የተሠራው ሥራ መጠን በአንድ አባዢ ቁጥር ይባዛል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ በሳምንት 100 ሊትር በጄነሬተር የሚያቃጥል ዳቦ ቤት የነዳጅ ደረሰኙን ብቻ ይዞ 270 ኪሎ ግራም እንደለቀቀ ማወቅ ይችላል። ሚቴን የተባለው ጋዝ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ስለሚያሞቅ፣ ሁሉም ወደ አንድ መለኪያ እንዲመጣ በዚያ ልክ ይባዛል። ለከተሞች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርጥብ የወጥ ቤት ተረፈ ምርት ተከምሮ አየር ሲያጣ የሚያመነጨው ሚቴንን ነው፤ ከአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ ደግሞ ከግማሽ የሚበልጠው እንዲህ ያለ የሚበሰብስ ነገር ነው። በመግቢያ በር ላይ መኪናን ከነጭነቱ የሚመዝን ሚዛን የሌለው የቆሻሻ መጣያ ልቀቱ ቀርቶ የገባለትን ቶን እንኳ አያውቅም። በእንዲህ ያለ ቦታ ከጋዙ የማያንሱ ሌሎች መለኪያዎችም አሉ፤ የክምሩ ከፍታና የጎኑ ቁልቁለት። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በቀጣዩ ዓመት በዚያው አካባቢ ሥራ የጀመረው የረጲ ኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው።

መለኪያ ከሁሉ ቀድሞ ፍሬ ያፈራው በውሃ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ውሃ ቆጣሪ አለው። የካምቦዲያ ዋና ከተማ ፕኖም ፔን እ.ኤ.አ. በ1993 ከክመር ሩዥ ዘመን ጥፋትና ከተከተለው ጦርነት ገና እያገገመች ነበር። የከተማዋ ውሃ ድርጅት አጣርቶ ወደ ቧንቧ ከሚለቀው ውሃ 72 በመቶው ገንዘብ ሳያስገባ ይቀር ነበር። ከፊሉ በተቀደደ ቧንቧ ይፈስሳል፣ ከፊሉ በሕገወጥ መስመር ይቀዳል፣ ከፊሉም በራሱ በድርጅቱ ሠራተኞች እጅ ይሸጣል። በዚያ ዓመት ኃላፊነቱን የተረከቡት መሐንዲስ ኤክ ሶን ቻን ሥራቸውን ከትልቅ ግንባታ አልጀመሩም፤ ደንበኛን ከመቁጠር ጀመሩ። ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ቢል እየወጣላቸው ውሃ የማያገኙ በሺዎች የሚቆጠሩ ደንበኞች ተገኙ፤ ውሃ እያገኙ መዝገብ ላይ የሌሉም እንዲሁ በሺዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ቆጣሪ መትከል ተጀመረ። ኃላፊው በኋላ በተደጋጋሚ እንደተረኩት፣ ክፍያ እምቢ ባሉ አንድ ጄኔራል ደጃፍ ላይ ሽጉጥ ተደቅኖባቸዋል።

ቆጣሪ መትከል ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ድርጅቱ የቧንቧ መረቡን በቀጠና በቀጠና ከፍሎ ወደ እያንዳንዱ ቀጠና የሚገባውን ውሃ ለብቻው መከታተል ጀመረ። የውሃ መሐንዲሶች በየአገሩ የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ሰው ሁሉ ተኝቷል፤ የሚከፈት ቧንቧ የለም ማለት ይቻላል። በዚያ ሰዓት ወደ አንድ ቀጠና ብዙ ውሃ እየገባ ከሆነ የሚጠጣው መሬቱ ነው። የጥገና ቡድኑ የት መቆፈር እንዳለበት የሚነግረው ይህ የሌሊት ቁጥር ነው። የቀጠናው ብክነት ሲቀንስ የቡድኑ ጉርሻ ይጨምራል፤ ሕገወጥ መስመር ያጋለጠም ይሸለማል፣ ከሕገወጡ ጋር የተሞዳሞደ ይባረራል። ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ ብክነቱ ወደ 6 በመቶ ወርዶ፣ ውሃ ቀንና ሌሊት የማይቋረጥባት ከተማ ሆነች። በብዙ ታዳጊ አገር ከተሞች ዛሬም ከተጣራው ውሃ ሲሶውና ከዚያ በላይ እንደሚጠፋ ሲታሰብ፣ ለአዲስ ግድብ ከሚወጣው ገንዘብ በፊት ለሌሊት ንባብ የሚወጣው ጥቂት ወጪ መታየት እንደነበረበት ግልጽ ነው።

ኬፕታውን ቆጣሪ አልጎደላትም፤ የጎደላት ዝናብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ሞልተው የነበሩት ግድቦቿ ከ2015 እስከ 2017 በተከታታይ በመጡ ደረቅ ክረምቶች ተሟጠጡ። ከጠቅላላው ክምችት ከግማሽ በላይ የሚይዘው ቴዋተርስክሎፍ የተባለው ግድብ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ሆኖ ታየ። የከተማው አስተዳደር አንድ ቁርጥ ያለ ወሰን አስቀመጠ። የግድቦቹ አጠቃላይ ይዘት 13.5 በመቶ ሲደርስ የመኖሪያ ቤት ቧንቧ ይዘጋል፣ ሕዝቡም 200 ገደማ ከሚሆኑ የማከፋፈያ ጣቢያዎች በሰው 25 ሊትር እየተሰለፈ ይቀዳል። ያ ቀን «ዜሮ ቀን» ተባለ።

የዜሮ ቀን ብልሃቱ አንድን ውስብስብ ስሌት ወደ አንድ የቀን መቁጠሪያ ቁጥር መለወጡ ነው። የግድቡ ይዘት፣ የትነቱ መጠን፣ የከተማውና የገበሬው ፍጆታ በየሳምንቱ ይሰላና ቀኑ ወይ ይቀርባል ወይ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ቀኑ ሚያዝያ ላይ ይደርሳል ተባለ። ከየካቲት 1 ጀምሮ ለአንድ ሰው የተፈቀደው በቀን 50 ሊትር ብቻ ሆነ። ይህ ለመታጠቢያ፣ ለምግብ ማብሰያ፣ ለልብስ፣ ለመጸዳጃ ሁሉ ነው፤ ከሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን አይበልጥም። ሰዉ የታጠበበትን ውሃ በባልዲ እያጠራቀመ ወደ መጸዳጃ ቤት መድፋት ጀመረ። ቀኑ ወደ ግንቦት፣ ወደ ሰኔ፣ ወደ ሐምሌ እየራቀ ሄዶ በመጋቢት በዚያ ዓመት እንደማይመጣ ተገለጸ፤ በሰኔም ዝናቡ ተመለሰ። በ2015 የበጋ ወራት በቀን ወደ 1.2 ቢሊዮን ሊትር ይደርስ የነበረው የከተማው ፍጆታ በ2018 መጀመሪያ ወደ 500 ሚሊዮን አካባቢ ወርዶ ነበር።

በዚያው ጥር ከተማው አንድ ካርታ ለሕዝብ ከፈተ። በወር ከ6,000 ሊትር በታች የተጠቀመ ቤት ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነጥብ፣ ከዚያ በላይ እስከ 10,500 ሊትር የተጠቀመ ፈካ ያለ አረንጓዴ ነጥብ ያገኛል። ካርታው ቆጣቢውን ማመስገኛ ተብሎ ቢቀርብም፣ አረንጓዴ ባልበራበት ቤት የሚኖረው ማን እንደሆነ ጎረቤት ያውቃል። የሰው ጓዳ ተገለጠ ብለው የተቃወሙ ነበሩ፤ ተቃውሟቸውም ከንቱ አልነበረም። ጎረቤት ለጎረቤት ማፈር ግን ቢል ላይ ከተጻፈ ማስጠንቀቂያ የበለጠ ጉልበት እንዳለው ለማንም ኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ከካርታው ጎን ለጎን ታሪፉ ተወደደ፣ የውሃ ግፊቱ ተቀነሰ፣ ብዙ በሚጠቀሙ ቤቶች ላይ ፍሰት የሚገድብ መሣሪያ ተገጠመ። የገበሬዎች ማኅበርም ከራሱ ግድብ 10 ቢሊዮን ሊትር ለከተማው ለቀቀ። ካርታው ብቻውን ከተማዋን አዳነ ማለት ስለዚህ ማጋነን ይሆናል።

የኬፕታውን ቁጥሮች ያልያዟቸው ነገሮችም ነበሩ። ገንዘብ ያለው ሰው በግቢው ጉድጓድ አስቆፈረ። የማዘጋጃ ቤቱ ቆጣሪ የእሱን ቤት ቆጣቢ አድርጎ ሲመዘግብ፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ግን ያው ይቀዳ ነበር። በቦኖ የሚጠቀሙት የድሃ ሰፈሮች ደግሞ ከከተማው ፍጆታ የሚወስዱት ጥቂት በመቶ ብቻ ነበር፤ ለእነሱ ተሰልፎ በባልዲ መቅዳት ከዜሮ ቀን ወሬ በፊትም የዕለት ኑሮ ነበር። ከተማው ራሱም ያልጠበቀው ነገር ገጠመው፤ ሕዝቡ ሲቆጥብ የውሃ ገቢው ወደቀና በሐምሌ 2018 በፍጆታ ላይ የማይመሠረት ቋሚ ወርኃዊ ክፍያ ጨመረ። የታዘዘውን ያህል ቆጥቦ ቢሉ ያልቀነሰለት ነዋሪ ምን እንዳለ መገመት ይቻላል።

በኒውዮርክ ደግሞ ለመለካት የተመረጠው ሕንጻ ነው። ከከተማዋ በካይ ጋዝ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ከሕንጻዎች፣ በተለይም ከማሞቂያና ከመብራት የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ ከ50,000 ስኩዌር ጫማ የሚበልጡ ሕንጻዎች የኃይል ፍጆታቸውን በየዓመቱ እንዲያሳውቁ አዘዘ፤ በኋላ ገደቡ ወደ 25,000 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም ወደ 2,300 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ዝቅ አለ። ለአሥር ዓመት ያህል ሕጉ ከማሳወቅ በላይ አልጠየቀም። ከ2020 ጀምሮ ውጤቱ በፊደል ተጽፎ በሕንጻው መግቢያ ላይ እንዲለጠፍ ተደረገ። ከመቶ 85 እና ከዚያ በላይ ያገኘ «ኤ»፣ ከ55 በታች የሆነ «ዲ»፣ ጭራሽ ያላሳወቀ «ኤፍ»። በ2019 የጸደቀው ሌላ ሕግ ደግሞ የልቀት ጣሪያ አስቀመጠ፤ ከ2024 ጀምሮ ከጣሪያው ለሚያልፍ ለእያንዳንዱ ቶን 268 ዶላር ቅጣት አለው፣ ጣሪያውም በ2030 ይጠብቃል። ይህ ሕግ ሊጸድቅ የቻለው አሥር ዓመት የተጠራቀመ የፍጆታ መዝገብ ስለነበረ ነው፤ ያለዚያ ጣሪያውን በየትኛው ከፍታ ላይ ማድረግ እንደሚገባ ማንም አያውቅም ነበር። የማካፈያው ጥያቄ እዚህም ተመልሶ መጥቷል። በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች የሚታጨቁበት፣ ኮምፒውተር ቀን ከሌሊት የሚሠራበት ቢሮ በካሬ ሜትር ሲሰላ አባካኝ ይመስላል፤ ፍጆታው ለሠራተኛ ሲካፈል ግን ግማሽ ባዶ ከሆነው ጎረቤቱ ሊሻል ይችላል።

ኩባንያዎች ወደ ቆጠራው የገቡት በሌላ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ በአላስካ ድፍድፍ ነዳጅ ካፈሰሰች በኋላ ባለሀብቶችና የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ኩባንያዎች ስለሚያደርሱት ጉዳት እንዲናገሩ መጠየቅ ጀመሩ። ከዚያ እንቅስቃሴ በ1997 ቦስተን ላይ ዓለም አቀፉ የዘገባ ተነሳሽነት ተወለደ። በ2001 ደግሞ የዋሽንግተኑ የዓለም ሀብቶች ኢንስቲትዩትና የጄኔቫው የንግድ ድርጅቶች ምክር ቤት ለበካይ ጋዝ የሒሳብ አያያዝ ሥርዓት አወጡ፤ ዛሬ በዓለም ያለው የድርጅት ካርቦን ሒሳብ ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ሥርዓቱ ልቀትን በሦስት ወሰን ይከፍላል። ወሰን 1 ድርጅቱ ራሱ የሚያቃጥለው ነው፤ ወሰን 2 ከገዛው ኤሌክትሪክ ጀርባ ያለው ነው፤ ወሰን 3 ደግሞ ከጥሬ ዕቃው እስከ ገዢው ቤት ድረስ በሌሎች እጅ የሚወጣው ሁሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረቀው በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፋ አንድ ፋብሪካ ቢታሰብ ነገሩ ይገለጣል። የኢትዮጵያ መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ኃይል ስለሚመነጭ የፋብሪካው ወሰን 2 ወደ ዜሮ ይጠጋል። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው የናፍጣ ጄነሬተር ግን ወሰን 1 ነው፤ ስለዚህ በዚህ አገር የመብራት መቆራረጥ በካርቦን ሒሳብ ላይም በቀጥታ ይነበባል። ጨርቁን የሸመነው ሌላ አገር ያለ ፋብሪካ፣ ወደ ጅቡቲ የሚጭነው መኪና፣ ልብሱን ገዝቶ አሥር ዓመት የሚያጥበውና የሚተኩሰው ሰው ሁሉ ወሰን 3 ውስጥ ናቸው። ልብሱን በስሙ ለሚሸጠው የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ኩባንያ ደግሞ የሐዋሳው ፋብሪካ ከነጄነሬተሩ በወሰን 3 ይመዘገባል። አንዱ ቶን በሁለት መዝገብ ላይ መገኘቱ ስህተት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ሁለቱም ሊቀንሱት ስለሚችሉ ሁለቱም ይጠየቁበታል።

ትልቁ ሒሳብ ያለው በዚህ በሦስተኛው ወሰን ነው፤ ለመቁጠር የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ማይክሮሶፍት በ2020 ከሚለቀው የሚበልጥ ካርቦን ከአየር ላይ እስከ 2030 ለማስወገድ ቃል ገብቶ ነበር። በ2024 ባወጣው ዘገባ ግን ልቀቱ ከ2020 ወዲህ በ29 በመቶ ገደማ ማደጉን አመነ። ከ96 በመቶ በላይ የሚሆነው ልቀቱ ወሰን 3 ነው፤ ምክንያቱም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ግዙፍ የመረጃ ማዕከላት ብረት፣ ኮንክሪትና ቺፕ ይበላሉ። ኩባንያው ወሰን 1 እና 2ን ብቻ ቢያወጣ ኖሮ መልካም ዜና ይመስል ነበር። ወሰን 2ም ቢሆን ሁለት መልክ አለው። ከ2015 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው መመሪያ መሠረት አንድ ድርጅት ያለበት አካባቢ የኃይል መረብ የሚያወጣውን ልቀትም፣ በውልና በምስክር ወረቀት በገዛው ንጹሕ ኃይል የተቀነሰውንም ለየብቻ ያሳውቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ ምን ያህሉ ቅነሳ በወረቀት እንደመጣ ያሳብቃል።

ለረጅም ጊዜ ይህ ሁሉ በፈቃደኝነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በግላስጎው ጉባኤ ላይ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የዘላቂነት ደረጃዎች ቦርድ በሰኔ 2023 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች አወጣ፤ ዓላማውም የአየር ንብረት ዘገባ እንደ ሒሳብ መዝገብ በኦዲተር የሚመረመር እንዲሆን ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2022 ከዚያ የሰፋ አስገዳጅ መመሪያ አጽድቆ ነበር፤ በ2025 ግን ሸክሙ በዛ የሚለው ቅሬታ በርትቶ ማቅለል ተጀመረ።

መለኪያ ግብ ሲሆን መበላሸት ይጀምራል። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቻርልስ ጉድሃርት ይህን በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፉ አነሱት፤ በሙያው ስማቸው ተሰጥቶት ሕግ ተባለ። የዚህ የከፋ ምሳሌ በቮልስዋገን ታየ። የናፍጣ መኪኖቹ በፈተና ጣቢያ ላይ ንጹሕ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን ተንቀሳቃሽ መለኪያ ከኋላቸው ጭነው በተራ መንገድ ነዷቸው፤ የጭሱ መጠን ከፈተናው ጋር ፈጽሞ አልገጠመም። በመስከረም 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነገሩን ይፋ አደረገ። መኪናው ፈተና ላይ መሆኑን የሚያውቅ ሶፍትዌር ተጭኖበት ነበር፤ መንገድ ላይ ሲወጣ ናይትሮጅን ኦክሳይድን ከተፈቀደው እስከ 40 ጊዜ በላይ ይለቅ ነበር። በዓለም 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ይህን ሶፍትዌር ይዘው ተገኙ። ማታለሉ የታወቀው ሌላ ሰው፣ በሌላ ቦታ፣ በራሱ መሣሪያ ስለለካ ነው።

ሁሉም ብልሽት ግን ማጭበርበር አይደለም። በልብስ ኢንዱስትሪ ውስጥ የሂግ ኢንዴክስ የተባለው የጨርቅ መመዘኛ የአንድን ጨርቅ ጉዳት በአማካይ መረጃ ያሰላ ነበር። የኖርዌይ የሸማቾች ባለሥልጣን በ2022 ይህን አማካይ ቁጥር አንድን የተወሰነ ልብስ «ለአካባቢ ተስማሚ» ብሎ ለማስተዋወቅ መጠቀም ሸማቹን ያሳስታል ሲል ወሰነ። ለፋብሪካ መሐንዲስ ግምታዊ መረጃ ሆኖ የሚያገለግል ቁጥር፣ በልብሱ ላይ ሲንጠለጠል የምስክር ወረቀት መስሎ ይታያል። በሌላ በኩል ያለ መሣሪያ የሚገኝ ጥሩ መለኪያም አለ። የኮፐንሃገን ከተማ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሚያወጣው የብስክሌት ዘገባ ውስጥ ከመንገዱ ርዝመትና ከአደጋው ቁጥር ጎን «ብስክሌት ሲነዱ ደኅንነት ይሰማዎታል?» ለሚለው ጥያቄ ሕዝቡ የሰጠው መልስ ይካተታል።

መረጃውን የያዘው ማን እንደሆነም ከቁጥሩ ያላነሰ ነገር ነው። በቤይጂንግ የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በጣሪያው ላይ በተከለው መሣሪያ ደቃቅ የአየር ብናኝን እየለካ በኢንተርኔት ያወጣ ነበር። ነዋሪው ሰማዩን አይቶ የሚጠረጥረውን በቁጥር ማየት ሲጀምር መንግሥት ተቆጣ፤ ቆየት ብሎ ግን ቻይና ራሷ በየከተማዋ ጣቢያ ተክላ ውጤቱን በየሰዓቱ ማሳወቅ ጀመረች። በአዲስ አበባም ኤምባሲው ከ2016 ጀምሮ እንዲህ ያለ መለኪያ ነበረው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 የደቃቅ ብናኝን ዓመታዊ ገደብ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 5 ማይክሮ ግራም ብሎ ሲያወርድ፣ የመዲናዋ አየር የት እንዳለ ለማነጻጸር ተመራማሪዎች በብዛት የተጠቀሙት ይህንኑ መዝገብ ነው። በመጋቢት 2025 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከየአገሩ ኤምባሲዎች የሚመጣውን የአየር መረጃ ማጋራት አቆመ። አየሩ የሚመለከተው የአዲስ አበባን ነዋሪ ነው፤ መረጃው ይቁም ወይም ይቀጥል የሚለው ውሳኔ ግን የተላለፈው ዋሽንግተን ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ቆጠራው ወደ ቡና ማሳ ወርዷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለ መሬት ላይ ያልበቀለ መሆኑን አስመጪው እንዲያረጋግጥ ያዛል፤ ማስረጃውም ቡናው የተለቀመበት ማሳ የሚገኝበት መጋጠሚያ ነጥብ ነው። ተግባራዊነቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል። በጌዴኦ፣ በሲዳማ፣ በከፋና በጅማ ለሚኖር፣ በጓሮውና በጥላ ዛፍ ሥር ለሚያመርት ገበሬ ይህ ማለት አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሠራተኛ ስልክ ይዞ ማሳው ድረስ መምጣት አለበት ማለት ነው። ከሰማይ ለሚያይ ሳተላይት በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ያለ ቡና ከደን የሚለይበት ነገር ጥቂት ስለሆነ፣ አንድ የጥላ ዛፍ መቁረጥ በካርታው ላይ ምንጣሮ መስሎ ሊታይ ይችላል። ደንቡ ነጥቡ እንዲኖር ይጠይቃል፤ የመሰብሰቢያውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ግን ለገዢና ለሻጭ ድርድር ትቶታል። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያው ሁሉ በነጥብ ይታጠራል። አብዛኛው የኢትዮጵያ ቡና አምራች ማሳው ከዚህ በጣም ያነሰ ስለሆነ አንድ ነጥብ ይበቃዋል፤ ማሳው በሦስት ቦታ የተበታተነ ገበሬ ከሆነ ግን ወደ ሦስቱም በእግር መሄድ ያስፈልጋል።